እሜቴ የት ነው የምትተኛው?

ጥቅምት 6

ለጉንዳኔ፤

ወሬዬ ከሰላምታዬ እንዳይቀድም ብዬ ብዕሬን ያዝ አድርጌ ነው የጀመርኩት። እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽስ? የልብስ ማጠቢያው እንፋሎት ያመጣብሽ ሳል ተወሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፋል፤ እሱንም ካባበሉት ይታረቃል። ፈጣሪ እጅሽን ይባርክልኝ፤ የምትውይበትንም የምታድሪበትንም ቤት ሰላም ያድርግልሽ። አሜን ሳትይ ወደ ታች እንዳታነቢ።

ሥራ አለ። የተማሪዎቹን የደንብ ልብስ ሰፍቼ አስረከብኩ። አሁን ደግሞ አንድ ሙሽራ ከነሚዜዎቹ ይዣለሁ። ሙሽራው ልክ በተለካ ቁጥር ይከሳል፤ ሠርጉ ቢራዘም ሱፉን ለልጅ የማደርገው ይመስለኛል።

አሁን ወደ እሜቴ። ጥለሽብኝ የሄድሻት ድመት ይኸውና አንቱ አሰኝታኛለች። «እሜቴ፣ ይነሡ፤ እሜቴ፣ ከሰው ገበር ላይ ይውረዱልኝ» እያልኩ ስለምኗት ደንበኛ ይሰማና ሚስት ያገባሁ መስሎት አንገቱን ያሰግጋል። ሰሞኑን ግን ልመናም አያስፈልጋትም። መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ መዝለል ትታለች። ሦስት ጊዜ አስባ፣ ወገቧን ዝቅ አድርጋ፣ መልሳ ትተኛለች። ስታክክ ትውላለች። ደግሞ የአበባውን ማሰሮ አፈር ስትበላ ያዝኳት፤ የግድግዳውንም ኖራ ትልሳለች። ሰው ሲናፍቅ ምግብ ይተዋል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ድመት ስትናፍቅ አፈር ትበላለች እንዴ? አንቺን ናፍቃ ነው ብዬ ነው የያዝኩት።

ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆኗል። ቁንጫ ነው፣ ነጭ ጋዝ ቀባት ይለኛል አንዱ። ድመት ነች እንጂ ፋኖስ አይደለችም አልኩት። ሌላዋ የውሻዋን ዱቄት መድኃኒት በወረቀት ጠቅልላ አመጣችልኝ፤ እሱንም መደርደሪያው ላይ አስቀምጬዋለሁ። ጥርሱ የደቀቀ ማበጠሪያ ካገኘሽ ላኪልኝ። የኔ ማበጠሪያ ዝሆን ያሳልፋል።

ክፍልሽ እንደተውሽው ነው። አንሶላሽንም አልነካሁትም። ሁለት ዓመት ብለሽ ሄደሽ ሦስተኛው ቢጋመስም፣ ድንገት ብትመጪ እንግዳ አትሆኚም።

አጎትሽ


ኅዳር 2

ለጋሼ፣ እናቴ ካለፈች ወዲህ እናትም አባትም ለሆኑኝ፤

ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ፤ ጉልበትዎን ከደረጃው ያስታርቅልኝ። አሜን ብዬ ነው ያነበብኩት። ሳሌ ትቶኛል። እዚህ ከሆቴሉ ሥር እንደ ዋሻ ያለ ቤት ውስጥ አንሶላ እናጥባለን፣ እናደርቃለን፣ እንተኩሳለን፤ የማናውቀው ሰው የተኛበትን ሁሉ። ሙቀቱን ለምጄዋለሁ። ብርድ ሲሆን እንዲያውም ከላይ ያሉት ሠራተኞች ሰበብ እየፈለጉ ወደኛ ይወርዳሉ። የሊፍት ጠጋኙማ ሊፍቱ ሳይበላሽም ይመጣል።

ጋሼ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ከዚያ አፈር የሚለው ላይ ስደርስ ሳቄ ቆመ። እባክዎ የዚያን ውሻ ዱቄት ከመደርደሪያው አንስተው ይጣሉት። ለውሻ መድኃኒት የሆነው ድመት ሊገድል እንደሚችል እዚህ ድመት ያላት ሴትዮ ነግራኛለች። ነጩን ጋዝ ስለተዉት ተባረኩ። አሁን አንድ ነገር ያድርጉልኝ። የእሜቴን ከንፈር ገለጥ አድርገው ድዷን ይዩት። ቀይ ካልሆነ ናፍቆት አይደለም፤ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት። እኔን ብላ አፈር እንድትበላ አልፈልግም፤ ያን ያህል አልከበድኩም።

ማበጠሪያውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ። ሲያበጥሩ ከጅራቷ ሥርና ከአንገቷ ይጀምሩ፤ እዚያ ነው የሚሰበሰቡት።

አንድ ጥያቄ አለኝ፤ እሜቴ የት ነው የምትተኛው?

ጉንዳንዎ


ኅዳር 27

ለጉንዳኔ፤

እግዜር ያክብርሽ፣ ዕድሜሽን እንደ ክር ጥቅል ያርዝመው። ማበጠሪያው ደርሶኛል። ደብዳቤሽም ደርሶኝ እንዳነበብኩት የእሜቴን ከንፈር ገለጥኩ። ድዷ እንደ ገበር ጨርቅ ነጭ ሆኖ አገኘሁት። ጉንዳኔ፣ ፈራሁ። ሙሽራውን ሱሪው በስፒል እንደተያዘ ጠረጴዛ ላይ አቁሜ፣ እሜቴን በጨርቅ ከረጢት ይዤ ወጣሁ።

ሐኪሟ ልጅ እግር ነች። ሳያት «እናትሽን ጥሪልኝ» ልላት ምንም አልቀረኝ፤ እጇን ሳይ ግን አፌን ያዝኩ። ነጭ ጨርቅ አርጥባ ዘረጋች። በላክሽው ማበጠሪያ ከእሜቴ ጀርባ ጥቁር ትቢያ አውጥታ አራገፈችበት። ትቢያ ነው ብዬ ነበር። ትንሽ ቆይቶ እያንዳንዱ ጥቁር ነጠብጣብ ዙሪያውን ቀላ፤ ጨርቁ ላይ ተስፋፋ።

«ይኼ ምን መሰለዎት?» አለችኝ።

«ቀለም የሚለቅ ጨርቅ ይመስላል» አልኳት።

«የሷው ደም ነው፤ ቁንጫዎቹ ጠጥተው ያወጡት። ሰውነቷ ውስጥ ያለው ደም ከግማሽ በታች ወርዷል። አፈር የምትበላው ለዚህ ነው፤ ያጣችውን ፍለጋ።»

ከዚያ ሌላ ድመት ደም ካልሰጣት ለነገ እንደማትደርስ ነገረችኝ። ትልቅ፣ ጤነኛ፣ ወፍራም ድመት አውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አንድ ብቻ ነው የማውቀው፤ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ የባለ ሥጋ ቤቱን ድመት፣ ከንቲባውን። ከንቲባው ደግሞ የሰው ሱፍ ላይ ጥፍሩን ከሳለ ወዲህ ከባለቤቱ ጋር ሰላምታ የለንም። እኔ ሥጋ ከሌላ ሰፈር ነው የምገዛው፤ እሱም ሱሪውን ሌላ ቦታ ነው የሚያሳጥረው፤ ያውም አጣመው ሰፍተውበት።

ምን ላድርግ? ሄጄ ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝና ቢላዋውን አስቀመጠ።

«ምን ልመዝንልህ?»

«ደም።»

«ምን አልክ?»

«ደም ነው የምፈልገው። የድመትህን።»

ሰልፈኛው ሁሉ ወደ ኋላ አለ። «አንተ ሰውዬ» አለኝ፣ «በአንድ ሱፍ ኮሌታ ደም ልንቃባ ነው?» ይኼኔ ነገሩን አስረዳሁት። ስለ እሜቴ ድድ ስነግረው ድምፄ ተሰበረ፤ አላፍርም፣ ተሰበረ። ሰውዬው ሽርጡን ፈታ፣ እጁን ታጠበ፣ ሰልፈኛውን «በኋላ ኑ» ብሎ ቤቱን ዘጋና ከንቲባውን በሥጋ ቅርጫት አሸክሞኝ አብረን ሄድን።

ሐኪሟ ደማቸው ይስማማ እንደሆነ ጠብታ ከጠብታ አገናኝታ አየች። ተስማማ። ከንቲባው አንገቱ ላይ ተላጭቶ ተኛ፤ ባለቤቱ ጆሮውን ሲያሻሽ፣ እኔ የእሜቴን እግር ስይዝ ቆየን። ደሙ እየገባላት ሲሄድ የአፍንጫዋ ጫፍ ቀለም ሲመለስ አየሁ። ሁለታችንም ሽማግሌዎች አፍንጫችንን በአንድ መሐረብ ነው የጠረግነው፤ የኔ መሐረብ ነበር፣ እስካሁን አልመለሰውም።

አሁን ቤት ነች። ቁንጫውን የሚገድል ጠብታ ማጅራቷ ላይ ተደረገላት፤ ደም የሚተካ ሽሮፕም ተሰጣት። ስትውጠው የምታየኝ አስተያየት የባላጋራ ነው። ሐኪሟ የምትተኛበት ሁሉ መታጠብ አለበት ብላ እንዳንቺው የት እንደምትተኛ ጠየቀችኝ። ወጥ ቤት ነው አልኳት። ወጥ ቤቱን ከጣሪያው በቀር በሙሉ በፈላ ውሃ አጥቤያለሁ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 20

ለጋሼ፤

በረከትዎ አይለየኝ፤ ለእሜቴ የራሩት እጆች ሁሉ አይጠውልጉ። የባለ ሥጋ ቤቱንም ጨምሬ ነው። ደብዳቤዎን ለሥራ ጓደኞቼ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። «ደም ነው የምፈልገው» ያሉት ላይ ስደርስ የሊፍት ጠጋኙ የአንሶላ ክምር ላይ ወድቆ ሳቀ፤ ለከንቲባውም የከበረ ሰላምታ ልኳል። እሱ ነገር ሲገባው ዝም የሚል ሰው ነው። ሳቁን ሲጨርስ ግን «አጎትሽ ብቻቸውን ናቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ሆዴን ይበላኛል። እሜቴ ወጥ ቤት ተኝታ አታውቅም። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ይባል የለ? እኔ እያለሁ ከእግሬ ሥር ነበር የምትተኛው። ስሄድ አመሏን ለወጠች? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ትኩሳቴን ደብቄ ትምህርት ቤት የሄድኩ ጊዜ።

እዚህ ደህና ነኝ። ኃላፊዬ አንድ ወረቀት ሰጥታኝ ነበር፤ ስለሥራ ነው። እያሰብኩበት ነው። ስለሱ ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፍልዎታለሁ።

ሽሮፑን በሥጋ መረቅ ለውሰው ይስጧት፤ አታውቅብዎትም።

ጉንዳንዎ


ጥር 24

ለጉንዳኔ፤

ሰላምሽ ይብዛ። ዛሬ ሰላምታዬ አጠር ይላል፣ ይቅር በይኝ፤ እሜቴ ጭኔ ላይ ነች፣ የምጽፈው በአንድ እጄ ነው።

ድዷ እንደገና ነጣ። ደህና ሆና ነበር፤ እንዲያውም አንድ ቀን ጠረጴዛው ላይ ዘልላ የለካሁትን ጨርቅ በትናብኝ በደስታ ሳልቆጣት ቀረሁ። ከዚያ ቀስ በቀስ ወረደች። በየቀኑ አበጥራታለሁ፤ በማግሥቱ ሳበጥር አዲስ አለ። ጠብታው እንደሆነ ጊዜውን ጠብቄ ነው የማደርግላት። ወጥ ቤቱ እንደሆነ ከመታጠቡ ብዛት ግድግዳው ቆዳው ተገፏል። ከየት ነው የሚመጡት? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል የዶሮ ነበር የሚመስለኝ።

ሐኪሟ ገፅታዋ ተለውጦ ነው ያናገረችኝ። ከንቲባው በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ መልሶ መስጠት አይችልም፤ ሌላ የሚስማማ ድመት ቢገኝም እሜቴ አቅም የላትም አለች። «ደሟን የሚመጥጡትን ቁንጫዎች ምንጭ ካላገኘን በሚቀጥለው ጊዜ እኔን ተስፋ አያድርጉ» አለችኝ። ደግሞ የት እንደምትተኛ ጠየቀችኝ። ወጥ ቤት አልኳት።

እኔንም ነክሰውኛል። እሁድ ክፍልሽን ላናፍስ ገብቼ መስኮቱን እስክከፍት ካልሲዬ ላይ እንደ ጥቁር ሰሊጥ ረገፉብኝ። ሌላ ቦታ አይነኩኝም። ከእሜቴ ጋር የገቡ ናቸው እንጂ የክፍልሽ አይደሉም፤ እዚያማ ማን ገብቶ ያውቃል? በሩ ሥር ለእሜቴ ቀዳዳ ከፈትኩላት እንጂ እኔ እንኳ ከእሁድ ውጪ አልረግጠውም። ብርድ ልብስሽ እንዴት እንደሆነ ብታይ፤ ጎኑ ገባ ብሎ የተኛሽበት መስሎ አለ።

ያ ሊፍት ጠጋኝ ደግሞ ማነው? በየደብዳቤሽ ሲወጣና ሲወርድ አየዋለሁ። ወረቀት ያልሽውስ የምን ወረቀት ነው? የመምጫሽ ከሆነ ቶሎ አሳውቂኝ፤ ለእሜቴ እነግራታለሁ፣ እስከዚያ እንድትጠብቅ።

አጎትሽ


መጋቢት 3

ለምወድዎት ጋሼ፤

ፈጣሪ እርስዎንም እሜቴንም በደህና ያቆይልኝ። ዘግይቻለሁ። ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት። ይህኛውን ሳልቀድ ፖስታ ቤት እንድታደርስልኝ ለኃላፊዬ ነው የምሰጣት።

መጀመሪያ የእሜቴን ነገር። ባለፈው ዓመት ሆቴላችን አንድ ፎቅ ለእድሳት ብሎ ዘግቶ ነበር። ሥራው ስለዘገየ ክፍሎቹ አልጋ እንደተነጠፈ ከረሙ። ከመዘጋቱ በፊት አንድ እንግዳ ከውሻው ጋር አርፎበታል። ፎቁ ሲከፈት ቀድመው የገቡት የጽዳት ሠራተኞች ቁርጭምጭሚታቸውን እያከኩ ወረዱ። ኃላፊዬ ያኔ ያስረዳችን ይኸውልዎት፤ እንስሳው ላይ የምናየው ቁንጫ ጥቂቱ ነው። እንቁላሉ እየረገፈ ፍራሽና ምንጣፍ ውስጥ ይገባል። አድጎ እንደ ጥጥ ነገር ተጠቅልሎ ይተኛል። ክፍሉ ዝም ካለ እሱም ዝም ይላል። የእግር ኮቴና የሰውነት ሙቀት ሲሰማው ግን ፈንድቶ ይነሣል። የዚያን ፎቅ አልጋ ልብስ በሙሉ ያፈላሁት እኔ ነኝ።

ጋሼ፣ ወጥ ቤቱን በከንቱ ነው ያጠቡት። እሜቴ የምትተኛው እኔ አልጋ ላይ ነው። እርስዎም ያውቃሉ። ለሐኪሟ ያልነገሯት ክፍሉን አንሡት እንዳትልዎት ነው።

ስለ ካልሲዎ የጻፉትን ያነበብኩ ዕለት ነው የገባኝ። በዚያው ዕለት መጻፍ እችል ነበር። ያልጻፍኩት ክፍሉን ባዶ ያድርጉት ለማለት፣ ክፍሉ አያስፈልገኝም ማለት ስለነበረብኝ ነው። እሜቴ እዚያ ደሟ ሲመጠጥ እኔ እዚህ ቃል ስመርጥ ከረምኩ። ከእንግዲህ አልመርጥም።

ወረቀቱ የመምጫዬ አይደለም። የልብስ ማጠቢያው ኃላፊ እንድሆን ነው፤ የአሁኗ ጡረታ ልትወጣ ነው። ፈርሜያለሁ። የሊፍት ጠጋኙ ደግሞ እንጋባ ብሎኛል፤ እሺ ብዬዋለሁ። እመጣለሁ ጋሼ፤ አይዎታለሁ፣ እስከ ዕድሜዬ መጨረሻ እመላለሳለሁ። ለመኖር ግን አልመጣም። ይህን በቃሌ ልነግርዎት ነበር የፈለግኩት፣ እጅዎን ይዤ። እሜቴ አላስጠበቀችኝም።

ፍራሹን አውጥተው ያቃጥሉት። ምንጣፉንም። አንሶላውን፣ ብርድ ልብሱን፣ መጋረጃውን ያፍሉት። ወለሉን ስንጥቅ ለስንጥቅ ይጥረጉት፤ ጠርገው ሲጨርሱ ደጋግመው ይመላለሱበት፣ የተኛው ሁሉ እንዲነሣ፤ ከዚያ እንደገና ይጥረጉት። ለሐኪሟም እውነቱን ይንገሯት፣ ለወለሉ የሚረጭ ትሰጥዎታለች።

ስለኔ ሲሉ አይተዉት። ስለኔ ሲሉ ያድርጉት።

ጉንዳንዎ


መጋቢት 21

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እሜቴ አለች። ዛሬ የምጽፈው ሌላ ነገር የለኝም።


ሚያዝያ 8

ለጋሼ፤

የእጅ ጽሑፍዎን ሳይ ደስ አለኝ፤ መስመሩን ስቆጥር ግን ሆዴ ባባ። ሰላምታ እንኳ አልሰጡኝም። ተቆጥተው ከሆነ ይቆጡኝ፤ ሜትርዎን ይዘው ያባርሩኝ የነበረውን ያህል ይቆጡኝ። ዝም ብቻ አይበሉኝ። የእርስዎን ዝምታ አልችለውም፣ አልለመድኩትምም።

የልብስ ማጠቢያው መኪና ሁሉ ሲጮኽ እየዋለ እኔ የማስበው የአንዲት ድመት ድድ ነው። ለሊፍት ጠጋኙ ነገርኩት። «የኔ ጥፋት ይሆን?» አለኝ። አይደለም አልኩት። ጋሼ፣ አይደለም አይደል?

የእሜቴን ነገር በአንድ መስመር ይጻፉልኝ። ሞታም ከሆነ ይጻፉልኝ።

ጉንዳንዎ


ሚያዝያ 30

ለጉንዳኔ፣ ለዓይኔ ብሌን፤

ያልሰጠሁሽን ሰላምታ አሁን ደርቤ ልስጥሽ፤ እንደምን ሰነበትሽ፣ እንደምን ከረምሽ። እሜቴ በሕይወት አለች። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ወንበር ፈልገሽ እንድትቀመጪ ነው። ቀሪውን ተረጋግተሽ አንብቢ።

ተናድጄብሽ ነበር። ምን አስዋሸኝ? ደብዳቤሽን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ክፍልሽ በር ላይ ቆምኩ። ገብቼ ፍራሹን ልይዝ እጄን ዘረጋሁ፣ መልሼ ወጣሁ። በማግሥቱም እንዲሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው የኔ ነገር። እንደማትመጪ ካወቅኩ ቆይቻለሁ። ሰው የሚመጣ ከሆነ ስለሚመጣበት ቀን ይጽፋል፤ አንቺ ስለ አንሶላ ነበር የምትጽፊልኝ። ግን አልጋው ተነጥፎ ካየሁት ለራሴ እዋሻለሁ፤ ውሸቱም ይጣፍጠኛል። ዝም ያልኩሽ ለዚህ ነው። የምጽፍልሽ ሁሉ «አላነሣውም» ሆነብኝ።

አንድ ጠዋት እሜቴ ወደ ክፍልሽ ልትገባ በሩ ሥር ባለው ቀዳዳ አንገቷን አስገባች። ትከሻዋ ገባ። ከዚያ የኋላ እግሯ ከዳት። ግማሽዋ ውስጥ፣ ግማሽዋ ውጭ ሆና ቀረች፤ ወደፊትም ወደኋላም አቅም አጣች። ጎትቼ አወጣኋት፤ ክብደት የላትም። ከንፈሯን ገለጥኩ። ድድዋን ምን ብዬ ልንገርሽ፣ ነጭ ማለት ያንሰዋል። ማን ነው የሚገድላት ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። እኔ ነበርኩ። ለሌለሽው ለአንቺ አልጋ እየጠበቅኩ፣ ያለችውን እሷን ላስበላት ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ሆኜ ጮክ ብዬ ባለ ሥጋ ቤቱን ተጣራሁ። ሽርጡን እንኳ ሳይፈታ መጣ። «ፍራሹ ይውጣ» አልኩት፤ በአንድ ወገን ያዘና «በል አንሣ» አለኝ። በሩ ላይ ስንደርስ ፍራሹ አላልፍ አለ፤ እኔ ደግሞ ማልቀስ ጀመርኩ። እሱም ፍራሹን ተደግፎ ቆሞ ጠበቀኝ። «ጨረስክ?» አለኝ። «ገና ነኝ» አልኩት። «እሺ» ብሎ እንደገና ተደገፈ። ደግ ሰው ነው፤ ይህን ያህል ጊዜ በከንቱ ተኳርፈናል።

ፍራሹንና ምንጣፉን ከግቢ ውጭ አቃጠልናቸው። መጋረጃና ብርድ ልብስ በሱ ትልቅ በርሜል ፈላ። ከጨርቅ ቁርጥራጭ የሰፋሁልሽ የአልጋ ሽፋን ቀለሙ ለቆ አሁን ሁሉም ነገሩ ግራጫ ሆኗል፤ ከቁንጫ ጋር ቆንጆ ከሚሆን ንጹሕ ሆኖ ይደብዝዝ አልኩ። ከዚያ እንዳልሽው ወለሉ ላይ ተመላለስን። እስቲ አስቢው፣ ሁለት ጉልበታቸው የከዳቸው ሽማግሌዎች ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ባዶ ክፍል ውስጥ እየረገጡ ሲዞሩ! መንገደኛ በመስኮት አይቶን «ምን እያደረጋችሁ ነው?» አለን። ባለ ሥጋ ቤቱ «ቁንጫ እየቀሰቀስን ነው» አለው። ሰውዬው ፈጥኖ ሄደ።

ለሐኪሟም ሄጄ ተናገርኩ። ሰድባኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «እናቴም የወንድሜን ጫማ ከበር ላይ አታስነሣም» ብላ የወለሉን መርጫ ሰጠችኝ፤ እንዴት እንደሚረጭም እስከሚገባኝ ደጋገመችልኝ። ደም የሚሰጥ አዲስ ድመትም ራሷ ፈልጋ አመጣች። እሜቴ ወደዚያ ጠረጴዛ ስትወጣ ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ እኔም ጨፍኜ ነበር። አቅም አላት የላትም ሳይባል ተደረገላት። ቻለችው።

ይኸው ዛሬ ጠዋት ከንፈሯን ገለጥኩ። ድድዋ የሕፃን ጥፍር ሥር ያለውን ደም መስሏል። ስነካው ነጣ አለና ጣቴን ሳነሣ ተመልሶ ቀላ። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፤ በአራተኛው ነከሰችኝ። ጥርሷም ደህና ነው።

ክፍሉን ባዶ ማየት አልቻልኩም፤ ስለዚህ የስፌት መኪናዬን ወደዚያ አስገባሁት። ያን ሁሉ ዘመን ኮሪደር ላይ በአምፖል ስሰፋ፣ ለካ ፀሐይ ጠዋቱን ሙሉ እዚያ ውስጥ ነበረች። አሁን እኔ ስሰፋ እሜቴ ከመቀሱ አጠገብ ትተኛለች፤ በየሳምንቱ የሚቀየር ንጹሕ ጨርቅ አንጥፌላታለሁ። ቀሪ ቁንጫ ካለ በነጭ ጨርቅ ላይ አያመልጠኝም። እስካሁን የለም።

ኃላፊ በመሆንሽ ኮርቻለሁ። ያን ሰውሽንም ንገሪው፣ ጥፋቱ የሱ አይደለም። ድመት ታመመች ሲባል የሳቀውን ስቆ ሲያበቃ ስለ ሽማግሌ የጠየቀ ሰው ክፉ ሊሆን አይችልም። የሠርጉን ሱፍ የምሰፋው እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው ቢነካው እቀየማለሁ። ጨርቁንም መርጬ አስቀምጬዋለሁ። ግን ልኩን ጽፈሽ እንዳትልኪልኝ። በወረቀት በመጣ ልክ መቀስ አላነሣም። የሰው ትከሻ አንደኛው ከሌላው ዝቅ ይላል፤ ይህን የሚያውቀው የነካው እጅ ብቻ ነው። ማረፊያ እንዳታስቢ፤ የኔን አልጋ እለቅላችኋለሁ፣ እኔ መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ እተኛለሁ።

ይዘሽው ነይና ፊቴ ቆሞ ይለካ።

አጎትሽ